አሮጌ መኪና ከመንገድ ታክስ ነፃ ይሁን? ጥያቄው ከአዳማ ሲታይ

“እንግሊዝ አገር 40 ዓመት የሞላው መኪና የመንገድ ታክስ አይከፍልም፤ እኛ ታዲያ ለዚህ አሮጌ መኪና ለምን እንከፍላለን?” የሚል ክርክር መኪና ባለበት ሁሉ ይሰማል። አዳማ ላይ ደግሞ መኪናም ክርክርም አይጠፋም። የጂቡቲ ጭነት በከተማዋ በኩል ያልፋል። ጋራዡ ብዙ ነው። ባለ አሮጌ መኪናውም እንደዚያው።

ጥያቄው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር ከ2017 እስከ 2020 በጀት ዓመት ላለው ጊዜ ባዘጋጀው የመካከለኛ ዘመን የገቢ ስትራቴጂ ከተነሱት አዳዲስ ታክሶች አንዱ የተሽከርካሪ ዝውውር ታክስ ነው። በቀላል አማርኛ፣ መኪና መንገድ ላይ እንዲወጣ በየዓመቱ የሚከፈል ታክስ ማለት ነው። ይህ ሲሰማ የእንግሊዙ ምሳሌ መመዘዙ አይገርምም።

ምሳሌው እውነት ነው። ግን እዚያ ነፃ የሚወጣው መኪናና እዚህ ነፃ ይውጣ የሚባለው መኪና “አሮጌ” ከመባላቸው በቀር አይገናኙም። የባለ አሮጌ መኪናው ቅሬታ ብዙ እውነት አለበት። መፍትሔውን መኪናው በተሠራበት ዓመት ላይ መፈለግ ግን ወደ ሌላ ጣጣ ይወስዳል።

## የቱን ነው “የመንገድ ታክስ” የምንለው?

ስለ መኪና ክፍያ ሲወራ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ።

አንደኛው መኪናው አገር ሲገባ አንድ ጊዜ የሚከፈለው ነው። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኤክሳይዝ መንግሥት ቅንጦት ናቸው ወይም ጤናና አካባቢ ይጎዳሉ በሚላቸው ዕቃዎች ላይ የሚጥለው ልዩ ታክስ ነው። ሱር ታክስ ደግሞ በሌሎቹ ላይ የሚደረብ 10 በመቶ ነው። እነዚህ ሁሉ ከአስፋልት ጋር ቀጥተኛ ዝምድና የላቸውም። የሚገቡት ወደ አጠቃላዩ የመንግሥት ካዝና ነው።

ሁለተኛው በየዓመቱ የሚመጣው ነው፤ ሕዝቡ ቦሎ የሚለው። መኪናው ክላውዶ ይገባል። ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ መሪው ይታያል። የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩ ይረጋገጣል፣ ክፍያው ይከፈላል፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት ይሰጣል። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 ሲቋቋም ከገቢ ምንጮቹ አንዱ እንዲሆን የተደረገው በአክስል ጭነት ላይ የተመሠረተ ዓመታዊ የፈቃድ ማደሻ ክፍያ ነው። አክስል የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ ነው። የአክስል ጭነት ደግሞ በዚያ ዘንግ በኩል መሬት ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ይህችን ነገር እንያዛት፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሦስተኛው በተነዳው ልክ የሚከፈለው ነው። ከእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ ላይ ለመንገድ ፈንድ የሚቆረጥ አለ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ክፍያም ከዚሁ ወገን ነው።

“መኪናው ሲገባ ያን ሁሉ ቀረጥ ተከፍሎበታል፣ አሁን ደግሞ ምን ቀረ?” የሚለው ሙግት አንደኛውን ከሁለተኛው ጋር ያጋጫል። ቀረጥ የሚከፈለው መኪናውን ለማስገባት ነው። መንገዱ ግን በየዓመቱ ይበላል፣ በየዓመቱም ይጠገናል። ሙግቱ ከነጭራሹ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከቀረጡ የተሰበሰበው ገንዘብ ለመንገድ ስለመዋሉ ከፋዩ የሚያይበት መንገድ ስለሌለው፣ “ሁለቴ ከፈልኩ” ቢል ይፈረድለታል እንጂ አይፈረድበትም።

## ውጭ አገር ነፃ የሚወጣው የቱ ነው?

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ በየዓመቱ አንድ ዓመት ወደፊት ይራመዳል። 40 ዓመት የሞላው መኪና በተራው ወደ ነፃዎቹ ይቀላቀላል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ነፃ የነበሩት እ.ኤ.አ. ከ1973 በፊት የተሠሩት ብቻ ነበሩ። ነፃነቱ በራሱ አይመጣም። ባለቤቱ ማመልከት አለበት። መኪናውም በክፍያ ሰው ወይም ዕቃ የሚያመላልስ መሆን የለበትም።

ጣሊያን 30 ዓመት የሞላውን ከዓመታዊው ታክስ ነፃ ታደርጋለች። ባለቤቱ መንገድ ላይ ካወጣው ግን አነስተኛ የዝውውር ክፍያ ይከፍላል። ከ20 እስከ 29 ዓመት ያለው ደግሞ የታሪካዊነት ማረጋገጫ ካለው ግማሹን ይከፍላል። ጀርመን ከናካቴው ነፃ አታደርግም። 30 ዓመት የሞላው፣ የጥንት ይዞታውን የጠበቀና በባለሙያ የተመሰከረለት መኪና ልዩ ሰሌዳ ይሰጠውና በዓመት 191.73 ዩሮ ቁርጥ ክፍያ ይከፍላል። ለትልቅ ሞተር ይህ ቅናሽ ነው። ለትንሽ ሞተር ግን ከመደበኛው ሊበልጥ ይችላል።

ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። የሚጠበቀው ቅርስ ነው። መኪኖቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚወጡትም አልፎ አልፎ፣ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ባለበት እሑድ። ባለቤቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚሄድበት ሌላ መኪና ወይም ባቡር አለው። ግምጃ ቤቱም ከዚያ ነፃነት ብዙ የሚያጣው ነገር የለም።

ስለ ተራው አሮጌ መኪናስ? እዚህ ላይ ክርክሩ ውስጥ የማይጠቀሱ አገሮች አሉ። ጃፓን ውስጥ የቤንዚን መኪና 13 ዓመት፣ የናፍጣ ደግሞ 11 ዓመት ሲያልፈው ዓመታዊ ታክሱ በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሲንጋፖር ውስጥ ከ10 ዓመት በኋላ 10 በመቶ ይደረብና በየዓመቱ እየጨመረ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ሕንድ ዴልሂ ላይ ፍርድ ቤቶች ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ናፍጣና ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ቤንዚን መኪና ከመንገድ እንዲወጣ እስከማዘዝ ደርሰዋል። አፈጻጸሙ ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። በእነዚህ አገሮች ዕድሜ ያስቀጣል እንጂ አያስምርም።

የጃፓኑ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። እዚያ መኪናው ሲያረጅ ታክሱና የምርመራው ወጪ ስለሚከብድ ባለቤቱ ቶሎ ይሸጠዋል። የተሸጠው ዱባይ ይደርሳል። ዱባይ ላይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ በጂቡቲ አድርጎ እኛ ጋ ይመጣል። ዛሬ አዳማ ላይ መሪው የተቀየረ ቪትዝ የሚነዳ ሰው፣ በአንድ በኩል የሌላ አገር የመንገድ ታክስ ያባረረውን መኪና ነው የሚነዳው።

## አዳማ ላይ “አሮጌ” ማለት ምን ማለት ነው?

ፍራንኮ አካባቢ ወይም ወንጂ ማዞሪያ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ማየት ይበቃል። የሰማንያዎቹ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ሃይሉክስ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ። አሮጌው መኪና እዚህ ለእሑድ ሽርሽር የተቀመጠ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሽንኩርት ያወርዳል፣ ወንጂና ሞጆ ሰው ያመላልሳል። በዕድሜ ነፃ ይውጣ ከተባለ ነፃ የሚወጣው ከንጋት እስከ ማታ መንገዱን የሚጠቀመው መኪና ይሆናል። ይህ ከእንግሊዙ ደንብ ዓላማ ጋር ፊትና ጀርባ ነው።

መኪናችን ለምን አረጀ? ምክንያቱ የሕግም የገንዘብም ነው። ለረጅም ጊዜ የታክስ አሠራሩ አሮጌን ይጋብዝ ነበር። ያገለገለ መኪና ሲገባ ለአገልግሎት ዘመኑ እስከ 30 በመቶ የዋጋ ቅናሽ ታስቦለት ነበር ታክሱ የሚሰላው። አሮጌው በዋጋውም፣ በታክሱም ረከሰ። ሰውም አሮጌ አስገባ።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 መጣና ነገሩን ገለበጠው። አዲስና ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ (የነዳጅ ሞተር ሲሊንደሮች ይዘት መለኪያ) ያልበለጠ መኪና ኤክሳይዙ 5 በመቶ ሆነ። ያገለገለው እንደ ዕድሜው እየከበደ ሄዶ፣ ከሰባት ዓመት በላይ የቆየና ትልቅ ሞተር ያለው 500 በመቶ ደረሰ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። አገር ውስጥ ያለውን ግን አላስወጣም፤ እንዲያውም ዋጋውን ሰቀለው። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ተዳከመ። ሦስቱ ተደራርበው አንድ ውጤት ሰጡ። አሮጌ መኪና በዕድሜው ልክ መርከሱ ቀረና እንደ መሬት የሚያዝ ሀብት ሆነ። ነድቶ ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ማግኘት አይከብድም።

ይህ ለክርክሩ ወሳኝ ነው። ነፃ ይውጣ የሚሉት ወገኖች አንድ ነገር እንደተረጋገጠ አድርገው ያስባሉ፤ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው አቅም የሌለው ነው ብለው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የሠላሳ ዓመት ኮሮላ የያዘ ጡረተኛ መምህርና የሠላሳ ዓመት ላንድ ክሩዘር የያዘ ነጋዴ በዕድሜ ሕግ ፊት እኩል ናቸው። ላንድ ክሩዘሩ ዛሬ ሲሸጥ ብዙ ኮሮላ ይገዛል። ነፃነቱ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ሳይለዩ ማወጅ፣ ለድሃ የታሰበውን ለማን እንደሚሰጥ ሳያዩ መስጠት ነው።

የኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ቁጥር ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር 1.2 ሚሊዮን አካባቢ ነው የሚባለው። በዚህች ጠባብ መሠረት ላይ በዕድሜ የሚደረግ ነፃነት ሰፊውን ክፍል ይዞ ይሄዳል። የቀረው ከፋይ ወይ ጭነቱ ይበዛበታል፣ ወይ መንገዱ ሳይጠገን ይቀራል። መንገዱ ካልተጠገነ ደግሞ በቦሎ የተረፈችው ብር ለባሌስትራና ለኳሽኔታ ትወጣለች።

## መንገዱን የሚበላው ማን ነው?

የመንገድ ታክስ ፍትሕ የሚለካበት አንዱ ሚዛን ጉዳት ነው። ብዙ የጎዳ ብዙ ይክፈል። በዚህ ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ሙከራ አለ። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የተለያየ ክብደት ያላቸው መኪኖች እየተመላለሱ መንገዱ እንዴት እንደሚጎዳ ተለካ። ከዚያ የወጣው ግምት እስከ ዛሬ የመንገድ መሐንዲሶች መነሻ ነው። ጉዳቱ ከአክስል ጭነቱ አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይሄዳል። ማለትም ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል።

ቁጥሩን በአዳማ መንገድ ላይ እናስቀምጠው። አንድ ትንሽ መኪና በአንድ አክስሉ ግማሽ ቶን ያህል ያሳርፋል እንበል። ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በአንድ አክስል 10 ቶን ያሳርፋል። ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው። 20 በ20፣ በ20፣ በ20 ሲባዛ 160,000 ይመጣል። ግምታዊ ሕግ ነው፤ እንደ አፈሩና እንደ አስፋልቱ ውፍረት ይለያያል። የልዩነቱ ስፋት ግን ግልጽ ነው። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። ከዚያ ጭነት ብዙው አዳማን ረግጦ ያልፋል። መንገዱ ላይ የሚታየው ጎድጓዳ የጎማ መስመር የቪትዝ ሥራ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ስለዚህ ባለ ትንሽ መኪናው “መንገዱን እኔ አልጎዳሁትም” ቢል ትክክል ነው። ግን ልብ እንበል። ትክክል ያደረገው የመኪናው ቅለት ነው። አዲሱም ቪትዝ እኩል ቀላል ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ የሃያ አምስት ዓመት አይሱዙ ደግሞ ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ አስፋልቱ አይራራለትም። የፍጥነት መንገዱ ይህን ቀድሞ ገብቶታል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ሲጀምር ታሪፉ በተሽከርካሪ ዓይነት እንዲሆን ተደረገ። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ መኪናው መቼ እንደተሠራ አይጠይቅም።

ታዲያ ትንሽ መኪና ለምን ይከፍላል? መንገድ የሚጎዳው በጎማ ብቻ ስላልሆነ ነው። ዝናብ አለ፣ የተደፈነ ቦይ አለ፣ የአዳማ ፀሐይ የሚያደርቀው አስፋልት አለ። መኪና ቢያልፍም ባያልፍም የሚመጣ ወጪ ነው። የትራፊክ መብራት፣ ቀለም፣ ምልክት፣ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ሁሉ ከዚያው ይቆጠራል። ይህን ወጪ ሁሉም በመጠኑ ይካፈለዋል። በመጠኑ የሚለው ቃል ላይ ነው ክርክሩ መሆን ያለበት።

## የባለ አሮጌ መኪናው እውነተኛ ቅሬታ

የአሮጌ መኪና ባለቤት ሳይታወቀው ከሌላው በላይ የሚከፍልበት ቦታ አለ፤ ማደያው። በሂሳብ እንየው። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ መኪናው በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 1,500 ሊትር ያስፈልገዋል። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው ግን 860 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ሁለቱ እኩል መንገድ ሄደዋል። ከሊትር ላይ የሚቆረጠውን የመንገድ ክፍያ ግን የመጀመሪያው 75 በመቶ ገደማ አብልጦ ከፍሏል። ካርቡሬተር ያለው፣ ሞተሩ የደከመ መኪና የያዘ ሰው የመንገድ ፈንድ ታማኝ ደንበኛ ነው።

አሁን ከጎኑ የኤሌክትሪክ መኪና አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. በተወሰነው ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ቀርቶለት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። ማደያ አይሄድም። ስለዚህ በሊትር የሚቆረጠው የመንገድ ክፍያ አይነካውም። ባትሪው ከባድ በመሆኑ መጠኑ እኩል ከሆነ የቤንዚን መኪና ይልቅ ክብደቱ ይጨምራል። የሚሄደው ደግሞ በዚያው አስፋልት ላይ ነው።

እኔ ቅሬታው የሚበረታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማበረታቻው ምክንያት አለው። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ መብራቱ ግን በአብዛኛው ከውኃ ነው የሚመነጨው። ይህን የሚቃወም ብዙ ሰው የለም። ነገር ግን የመንገዱ ሒሳብ በነዳጅ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ነዳጅ ቀጂው ባነሰ ቁጥር ፈንዱ ይመነምናል። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን የሚዘጋው አዲስ መኪና መግዛት ያልቻለው ሰው ይሆናል። እንግሊዝ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖችንም ዓመታዊውን ታክስ ማስከፈል ጀምራለች። የእንግሊዝን ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው ይህንኛውንም ቢጠቅስ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክርለት ነበር።

## ጭሱስ?

በተቃራኒው ያለው ወገን “አሮጌ እንዲያውም ይጨመርበት” ይላል። ምክንያቱ ጭስ ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የመጣው የጭስ ደረጃ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ካታሊቲክ ኮንቨርተር እንዲኖራቸው አስገደደ። ይህ ማርሚታው መስመር ላይ ተቀምጦ መርዛማውን ጋዝ የሚቀንስ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ብዙው የለውም። የነበረውም እኛ ጋ ሲደርስ ይወልቃል፣ ይሸጣል፣ ወይም ተደፍኗል ተብሎ ይቆረጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ብቻ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም እንደተላኩና ከግማሽ በላዩ አፍሪካ እንደገባ ገልጿል።

ሙግቱ ጠንካራ ነው፤ ግን ዕድሜ የጭስ ጥሩ መለኪያ አይደለም። በደንብ የተያዘ የሃያ ዓመት ያሪስ፣ ነዳጅ የሚረጨው መርፌ ከተበላሸበት የስምንት ዓመት የናፍጣ መኪና ይሻላል። ጭስ ለመለካት ማሽን አለ፤ ቦታው ክላውዶ ነው። ምርመራው የምር ከተደረገ ታክሱ ዕድሜ መገመት አያስፈልገውም።

ሁለተኛ ነገርም አለ። የጃፓን ቅጣት የሚሠራው ባለቤቱ አሮጌውን ሸጦ ሌላ መግዛት ስለሚችል ነው። እዚህ ምትክ የለም፣ ወይም ዋጋው አይቀመስም። አዳማ ላይ ታክሱ ቢከብድበት ባለቤቱ መኪናውን አይጥለውም፤ ቁጥጥሩ ወደሚላላበት ትንሽ ከተማ ይሸጠዋል። ጭሱ አድራሻ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።

## ዕድሜ ሕግ ውስጥ ሲገባ

ሕግ አውጪ “20 ዓመት የሞላው ነፃ ነው” ብሎ ቢጽፍ ቀላል ይመስላል። ከዚያ ጋራዥ ይግባና ይየው። ሻንሲው የ1985 ነው፣ ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፣ በሩ የሦስተኛ ነው። ዕድሜው የማን ነው? ሊብሬው ላይ የተጻፈው የተሠራበት ዓመት ነው ወይስ መጀመሪያ የተመዘገበበት? ዓመቷ ብር ካወጣች፣ ዓመቷን የሚያስተካክል ሰው አይጠፋም።

ሌላም ብዙ የማይወራለት ውጤት አለ። ነፃነት ዋጋ ውስጥ ይገባል። 20 ዓመት የሞላው መኪና በየዓመቱ ይህን ያህል ብር እንደሚያተርፍ ገበያው ካወቀ፣ ሻጭ በዚያው ልክ ዋጋ ይጨምራል። ሕጉ በወጣበት ቀን መኪናው እጁ ላይ የነበረው ሰው ይጠቀማል። ከእሱ የሚገዛው፣ ምናልባትም አቅም የሌለው ሰው፣ ጥቅሙን አስቀድሞ በዋጋ ከፍሎበታል። 19 ዓመት የሆነው መኪና ባለቤት ደግሞ ከጎረቤቱ ምን እንደሚለየው ይጠይቃል።

በመደብ የሚሰጥ ጥቅም ምን እንደሚያስከትል ከነዳጁ ተምረናል። በሐምሌ 2014 ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ተብሎ ሲለይ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ለአንዱ ሰሌዳ በርካሽ፣ ለሌላው በውድ በሚቀዳበት ቦታ የተረፈው ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይወጣል።

## ቅርሱን ከሥራ መኪናው መለየት

ጠባብ ነፃነት ቢሰጥ የሚጎዳ ነገር አይታየኝም። 40 ዓመት የሞላው፣ ሞተሩና አካሉ የድሮው የሆነ፣ ኮድ 2 ሰሌዳ ያለው፣ ሰውም ዕቃም በክፍያ የማያመላልስ መኪና። ተጠብቆ የቆየ ሰይቼንቶ ወይም ቮልስዋገን እንበል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ የሚጠፋው ገቢም ትንሽ ነው። የደህንነት ምርመራው ግን መቅረት የለበትም። ፍሬኑ የማይዝ ቅርስ፣ ቅርስ ስለሆነ ሰው ከመግጨት አይቆጠብም።

ለሥራ መኪናው የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ባጃጅና ትንሽ መኪና ዝቅተኛ፣ ጭነት መኪና በአክስሉ ልክ ከፍተኛ። የ1989ኙ አዋጅ ያስቀመጠው መርሕ ይኸው ነው፤ አዲስ ፍልስፍና አይጠይቅም። አቅም የሌለውን መርዳት ከተፈለገም ክፍያውን በሁለትና በሦስት ጊዜ መቀበል ይቻላል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ክላውዶ፣ መድንና ክፍያ በአንድ ወር ሲገጥሙበት ነው።

የዝውውር ታክሱን ረቂቅ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት መሠረቱን ነው፤ በምን ላይ ነው የሚሰላው? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 በመኪናው ዋጋ ላይ ሞክራ ነበር። በዓመት 2.5 በመቶ፣ ከ5,000 ሽልንግ ያላነሰ፣ ከ100,000 ያልበለጠ። ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመውና ተተወ። እኛ ጋ በዋጋ ቢሆን የበለጠ ይወሳሰባል። የትኛው ዋጋ? ጉምሩክ የመዘገበው ከሆነ ዛሬ ሚሊዮን የሚያወጣው አሮጌ መኪና በድሮ ብር ይታሰባል። የገበያው ከሆነ ማን ይገምታል? አሮጌ መኪና በሚወደድበት አገር ጡረተኛው መምህር ኮሮላውን ሳይሸጥ፣ ገቢው ሳይጨምር፣ ታክሱ በየዓመቱ ያድግበታል።

በሲሲ ይሁን ቢባልስ? ለቆጠራ ቀላል ነው፣ ሊብሬው ላይ አለ። ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሲ የለውም። ሕጉ በሲሲ ከተጻፈ አዲሱና ውዱ መኪና ማንም ነፃ ነው ሳይለው ነፃ ይወጣል፣ የሰማንያዎቹ ኮሮላ ይከፍላል። በክብደት ከተጻፈ ሁለቱም ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የጂቡቲውም ተሳቢ እንደዚያው።